ሱማትሪፕታን፦ አንድ ኮከብ ሰጥቼው ነበር፣ አሁን አራት

የዚህን ክኒን ስም ሳጠፋ የኖርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ማይግሬን አለብኝ» ላለኝ ሰው ሁሉ «ሱማትሪፕታን የሚሉትን እንዳትሞክር፣ ወሬ ብቻ ነው» እል ነበር። አንዷ ጓደኛዬማ እኔን ሰምታ ሐኪሟ ያዘዘላትን ሳትገዛ ቀረች። ስለዚህ ይሄ ግምገማ ግማሹ ይቅርታ ነው። ግማሹ ደግሞ ጥሩ መድኃኒት በእጄ ይዤ እንዴት እንዳበላሸሁት ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩበትን ቀን ልንገራችሁ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ከቀኝ ዓይኔ ጀርባ አንድ ነገር ጀማመረኝ። ቀላል ነበር፣ አንድ ሰው በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ የሚጫነኝ ዓይነት። ክኒኑ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አልወሰድኩትም። «ይለቀኝ ይሆናል» አልኩ፣ ደግሞ «ጠንካራ መድኃኒት ነው» ስለተባልኩ ለባሰ ቀን ልቆጥበው ብዬ ነው። ሦስት ሰዓት ቆየሁ። ቤት ስደርስ የጭንቅላቴ ቀኝ ጎን ከልቤ ጋር እኩል ይመታል፣ ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል፣ የማንኪያ ድምፅ እንኳ ያስደነግጠኛል። ያኔ ነው ክኒኑን በአንድ ብርጭቆ ውኃ የዋጥኩት። 20 ደቂቃ ሳይሞላ አስመለስኩት። ክኒኑ ሙሉ በሙሉ እንኳ አልሟሟም ነበር፣ ቁርጥራጩ ይታያል።

እንግዲህ «አይሠራም» ብዬ የፈረድኩት በዚህ ነው።

ስለ ክኒኑ ከመቀጠሌ በፊት ስለ በሽታው ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም በሽታውን ሳላውቅ ነው ክኒኑን የወቀስኩት። ማይግሬን «ኃይለኛ ራስ ምታት» ማለት አይደለም። ራስ ምታቱ ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ሐኪሞች ማይግሬን ብለው የሚመዘግቡት የራሱ መልክ ሲኖረው ነው፦ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ነው፣ ይመታል፣ ደረጃ ስትወጡ ወይም ጎንበስ ስትሉ ይብሳል። ከዚያ ላይ ወይ ያቅለሸልሻል ወይም ያስመልሳል፣ ወይም ብርሃንና ድምፅ አብረው ያስጠሏችኋል። እንዲህ ያለ ቢያንስ 5 ጊዜ ሲገጥማችሁ ነው ስሙ በወጉ የሚሰጠው። የደም ምርመራ የለውም። በኤምአርአይም አይታይም። እኔ ኤምአርአይ ተነስቼ «ምንም የለብሽም» ስባል አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ አይደለም። ምንም ከሌለብኝ ታዲያ በወር አራት ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎጣ ግንባሬ ላይ አድርጌ የምተኛው ለምንድን ነው?

ከዚያ በፊት ደግሞ ረጅም ዙር ዞሬያለሁ። አንዱ ጋ ሳይነስ ነው ተባልኩና አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ፣ አንዴም አይደለም፣ አራት ጊዜ። ስሙን የማልጠራው ክሊኒክ ነው። እውነቱን ለመናገር ስህተቱ የተለመደ ነው። በማይግሬን ጊዜ አፍንጫ ይደፈናል፣ ዓይን ያለቅሳል፣ ጉንጭ ላይ ክብደት ይሰማል። ሰው «ሳይነሴ ተነሳ» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። እውነተኛ የሳይነስ ኢንፌክሽን ግን ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ንፍጥ፣ አንዳንዴም ትኩሳት አለው፣ ብርሃን አያስጠላም፣ በሁለት ቀን ውስጥ በራሱ ብን ብሎ አይጠፋም። የኔ ደግሞ ሁልጊዜ በሁለት ቀን ይጠፋ ነበር፣ እኔም አንቲባዮቲኩን አመሰግን ነበር! ቀጥሎ መነጽር ተቀየረ። ቀጥሎ የመንጋጋ ጥርሴ ተጠረጠረ። ጥርሱን ማዳኔ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፣ ሰምታችሁ ይሆናል። የሚያመው አንጎልን የሸፈነው ሽፋንና በዚያ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ናቸው። ከዚያ ስሜት የሚያመላልሰው የፊታችንን ስሜት የሚያመጣው ትልቁ ነርቭ ነው፣ ትራይጀሚናል ይሉታል። በማይግሬን ጊዜ ይሄ ነርቭ ይነቃና ሲጂአርፒ የሚባል ፕሮቲን ይለቃል። ሲጂአርፒ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ የሕመሙንም መልእክት ያጠነክራል። በ1990 ፒተር ጎድስቢና ላርስ ኤድቪንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ማይግሬን ከያዛቸው ሰዎች አንገት ሥር ደም ወስደው ሲጂአርፒ ከፍ ብሎ አገኙት። የዛሬዎቹ አዳዲስ መድኃኒቶች መነሻ ይቺ ናት። በ2021 ሁለቱ ከማይክል ሞስኮዊትዝና ከየስ ኦለሰን ጋር ትልቁን የአንጎል ምርምር ሽልማት ወስደውበታል።

ከኛ መካከል ደግሞ ኦራ ያላቸው አሉ። ራስ ምታቱ ከመጀመሩ በፊት ዓይናቸው ላይ የሚያብለጨልጭ ዚግዛግ መስመር ይመጣል፣ ቀስ እያለ ይሰፋል፣ መሐሉ ላይ የማይታይ ቀዳዳ ይተዋል። አንዳንዱ ከጣት ተነስቶ ወደ ከንፈር የሚሄድ መደንዘዝ አለው፣ አንዳንዱ ቃል ይጠፋበታል። ከ5 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ነው የሚቆየው። ካርል ላሽሊ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ይሄ ነገር ራሱ ላይ ሲመጣበት ቁጭ ብሎ በወረቀት ላይ እየሣለ ሰዓት ይይዝ ነበር። በ1941 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ኦራውን የሚያመጣው ነገር እንደ ማዕበል በአንጎሉ ገጽ ላይ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚሄድ አሰላ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1944 ብራዚላዊው አሪስቲዴስ ሌዎ በጥንቸል አንጎል ላይ በዚያው ፍጥነት ገደማ የሚጓዝ ማዕበል ማግኘቱን ጻፈ። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸው የተገመተው ግን ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ኦራ ያየሁት በሕይወቴ ሁለቴ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ የማነበው ገጽ ላይ ፊደል እየጎደለ ሲሄድ ስልኬ ተበላሸ ብዬ አጠፋሁት፣ አበራሁት።

ኦራ ያላችሁ ሴቶች አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ኦራ እንዳላችሁ ለሐኪም ሳትነግሩ አትቀጥሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የስትሮክ አደጋ ይጨምራል። ይሄን ማንም አልጠየቀኝም ነበር፣ ራሴ ነኝ አንብቤ የጠየቅሁት።

እሺ፣ ታዲያ ክኒኔ ለምን ተመልሶ ወጣ? መልሱ ሆድ ውስጥ ነው። ማይግሬን ሲይዛችሁ ጨጓራ ሥራ ያቆማል ማለት ይቻላል። የዋጣችሁት እዚያው ይቀመጣል፣ ወደ አንጀት አይወርድም፣ ወደ ደምም አይገባም። እኔ ሦስት ሰዓት ጠብቄ ክኒኑን በተዘጋ በር ላይ ነው የወረወርኩት። ሁለተኛ ደግሞ ሕመሙ ሲቆይ ነርቮቹ ይቆጣሉ። ፀጉር ማበጠር ያማል፣ መነጽር ያማል፣ ትራስ ያማል። እዚያ ደረጃ ከደረሳችሁ በኋላ የትሪፕታን (ሱማትሪፕታን ያለበት የማይግሬን መድኃኒቶች ቤተሰብ) ክኒን ጉልበቱ በጣም ይቀንሳል። ይሄን የነገረችኝ ሁለተኛዋ የነርቭ ሐኪም ናት። «ክኒኑን ስንት ሰዓት ላይ ወሰድሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ በፊት «ወሰድሽ ወይ?» እንጂ «መቼ?» ያለኝ ሰው የለም።

ሱማትሪፕታን አዲስ ነገር አይደለም። ግላክሶ ውስጥ በፓትሪክ ሃምፍሪ የሚመራ ቡድን ነው የሠራው፣ ገበያ ላይ የወጣው በ1991 ነው። የትሪፕታኖች ሁሉ በኩር እሱ ነው። ሕመምን በደፈናው የሚያደነዝዝ ማስታገሻ አይደለም፣ ጥርስ ሲያማችሁ ብትወስዱት ዋጋ የለውም። የሴሮቶኒን ተቀባዮች ላይ ተለጥፎ የሰፉትን የደም ሥሮች ያጠባል፣ ያንን ነርቭም ሲጂአርፒ እንዳይለቅ ይይዘዋል። ክኒኑ በ25፣ በ50 እና በ100 ሚሊ ግራም ይመጣል። በአፍንጫ የሚረጭም አለ፣ ራስን በራስ የሚወጉት መርፌም አለ። መርፌው ጨጓራን ስለማያይ ከሁሉም ይፈጥናል፣ ጠዋት ማይግሬኑ ይዟቸው ለሚነሱና ቶሎ ለሚያስመልሱ ሰዎች ነገሩን የሚቀይረው እሱ ነው።

እኔ ጋ ያለው 50 ሚሊ ግራም ክኒን ነው። ሐኪሟ ያለችኝ እንዲህ ነው፦ ሕመሙ ማይግሬን መሆኑን እንዳወቅሽ፣ ገና ቀላል ሳለ ውሰጂ። ኦራ ከመጣ ዚግዛጉ ላይ አይደለም፣ ራስ ምታቱ ሲጀምር ነው። ከለቀቀሽና ከተመለሰ ቢያንስ 2 ሰዓት ቆይተሽ ሁለተኛ መውሰድ ትችያለሽ። የመጀመሪያው ጭራሽ ካልነካው ግን ለዚያው ሕመም ሁለተኛ አትጨምሪ። በ24 ሰዓት ውስጥ በክኒን ከ200 ሚሊ ግራም አይታለፍም። እና አንድ ቀን ሞክረሽ አትፍረጂ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በትክክል ወስደሽ እይው። እምቢ ካለ ሌላ ትሪፕታን አለ፣ አንዱ ያልሠራለት ሰው በሌላው ሊድን ይችላል።

በትክክል የወሰድኩበት የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ኮምፒውተር ፊት። ያቺ አውራ ጣት ከቀኝ ዓይኔ ጀርባ መጣች። እጄ ወደ ቦርሳ ሄዶ ተመለሰ፣ የድሮው አመል። «ገና ነው» የሚል ነገር ውስጤ አለ። ከዚያ የሐኪሟ ጥያቄ ትዝ አለኝ፣ መቼ? ክኒኑን ዋጥኩና ሰዓቴን አየሁ። 10 ደቂቃ ምንም የለም። 25 ደቂቃ ላይ ትከሻዬና አንገቴ ከበደ፣ አንድ ሰው ከኋላ ሁለት እጁን የጫነብኝ መሰለኝ። ደነገጥኩ። 40 ደቂቃ ላይ አውራ ጣቷ እንዳለች ናት፣ ግን አልባሰችም። ይሄ ራሱ አዲስ ነገር ነበር፣ የኔ ማይግሬን በ40 ደቂቃ ውስጥ ሳይብስ ቀርቶ አያውቅማ። አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ላይ የሆነ ኢሜል እየመለስኩ ሳለ ድንገት «እንዴ፣ ራሴስ?» አልኩ። የለም። መቼ እንደሄደ አላየሁትም። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ዝም ብዬ ጣሪያውን አየሁት፣ መብራቱን ጭምር፣ ዓይኔን ሳልጨፍን።

እና እንከኑስ? አለው፣ አንዱን ኮከብ የቀነስኩትም ለዚያ ነው።

አንደኛ፣ ያ ክብደት። አንገት፣ መንጋጋ፣ ደረት ላይ መጨበጥ፣ ጣት ላይ መንዘር፣ ከዚያ ድብት ማለት። አብዛኛውን ጊዜ በአጭር ጊዜ ያልፋል፣ አስቀድሞ ግን ማንም አልነገረኝም፣ የመጀመሪያው ቀን ልቤ ነው ብዬ ነበር። ደረታችሁን ጨብጦ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ግን «ማንነቷን ባላውቅም አንዷ ያልፋል ብላለች» ብላችሁ አትቀመጡ፣ ታዩ። ሁለተኛ፣ ቶሎ ከሰውነት ይወጣል። ሦስት ጊዜ ወስጄው አንዴ ያህል ማታ ላይ ራስ ምታቱ ተመልሶ ይመጣል። ለዚህ ሐኪሟ ናፕሮክሰን የተባለ ማስታገሻ አብሬ እንድወስድ አድርጋለች፣ ነገሩ ተሻሽሏል። ቀስ ብለው የሚሠሩና ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆዩ እንደ ናራትሪፕታንና ፍሮቫትሪፕታን ያሉ ዘመዶችም አሉት። ሦስተኛ፣ ለሁሉም ሰው አይደለም። የደም ሥር ስለሚያጠብ የልብ ሕመም ያለበት፣ ስትሮክ የመታው፣ የደም ግፊቱ በመድኃኒት ያልተስተካከለ ሰው አይወስደውም። ኤርጎታሚን ከሚባለው የድሮ የማይግሬን መድኃኒት ጋር በ24 ሰዓት ውስጥ አይገናኝም። የድብርት መድኃኒት የምትወስዱም መጀመሪያ ለሐኪም ተናገሩ፣ አንዳንዶቹ ጋር ጭራሽ አይሄድም። ከጓደኛ ቦርሳ ተቀብሎ የሚዋጥ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ። ይሄን ክፍል ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ክኒኑ ሠራ ብዬ ስጨፍር ነገሩን አበዛሁት። ጠዋት ትንሽ ቅር ካለኝ ሱማትሪፕታን። በመሐል ደግሞ ካፌይን ያለበት ድብልቅ ማስታገሻ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ባንኮኒው ላይ የቆመው ልጅ ሳይጠይቀኝ ሳልጠይቀው የሚሰጠኝ። አራተኛው ወር ላይ በየቀኑ ያመኝ ጀመር። ያው የድሮው የሚመታ ሕመም አይደለም፣ ከእንቅልፍ ስነሳ ጀምሮ ራሴን እንደ ጠባብ ቆብ የያዘ ድፍን ነገር። እና ምን አደረግሁ? ሌላ ክኒን።

ይሄ ስም አለው። መድኃኒት በማብዛት የሚመጣ ራስ ምታት ይሉታል። ቁጥሩን በቃላችሁ ያዙት፦ ትሪፕታን ወይም ድብልቅ ማስታገሻ በወር 10 ቀን ወይም ከዚያ በላይ፣ እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያለው ተራ ማስታገሻ ደግሞ በወር 15 ቀን ወይም ከዚያ በላይ፣ ይሄም ከ3 ወር በላይ ሲቀጥል። የሚቆጠረው ቀኑ ነው፣ የክኒኑ ብዛት አይደለም። በአንድ ቀን ሁለት ብትወስዱ አንድ ቀን ነው። በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ብትወስዱ ግን 30 ቀን ነው። እኔ ግማሽ እየቆረስኩ «ቀንሻለሁ» ብዬ ራሴን ሳታልል ከርሜያለሁ!

ማቆሙ ከባድ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀናት ከሁሉም የከፉ ነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ያ ቆብ ላላ አለ፣ በወሩ መጨረሻ ወደ ድሮው ጥቂት ቀናት ተመለስኩ። እኔ በሐኪም ምክር በአንድ ጊዜ ነው ያቆምኩት። ኮዴን ያለበትን ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የለመደ ሰው ግን በራሱ ድንገት አያቁም።

ስለዚህ ከክኒኑ ጋር አብሮ የሚገመገም ሁለተኛ ዕቃ አለኝ፦ ደብተር። ተራ የኪስ ደብተር። አምስት ኮከብ። አፕሊኬሽኖችንም ሞክሬያለሁ፣ ግን ማይግሬን ይዞት ብሩህ ስክሪን ላይ ሃያ ጥያቄ የሚመልስ ሰው ካለ ጀግና ነው። እኔ አራት ነገር ብቻ እጽፋለሁ። ቀኑን፣ ስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ምን ስንት ሰዓት ላይ እንደወሰድኩ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደለቀቀኝ። የወር አበባዬ የመጣበትን ቀን በትንሽ ክብ። በሦስት ወር ውስጥ ማይግሬኑ የት እንደሚያርፍ አየሁ፦ ከክቡ ሁለት ቀን በፊት ወይም በዚያው ቀን፣ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል። ኤስትሮጅን በዚያ ሰዓት ስለሚወርድ ነው። ማይግሬን ሴቶችን ከወንዶች ሦስት እጥፍ ያህል የሚያጠቃውም በአብዛኛው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። አሁን የክቡን ሳምንት ትልቅ ሥራ አልቀጥርበትም።

ደብተሩ ሌላም ነገር አሳየኝ። ቸኮሌት ይቀሰቅስብኛል ብዬ ለዓመታት ተውኩት። ደብተሩ ላይ ግን ቸኮሌቱ የሚመጣው ከማዛጋት ጋር ነው። ማታ ላይ ዝም ብዬ አዛጋለሁ፣ አንገቴ ይገትራል፣ ጣፋጭ ያምረኛል፣ በነጋታው ማይግሬን። እና ማይግሬን ራስ ምታቱ ከመምጣቱ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ሁለት ቀን በፊት አንጎል ውስጥ ይጀምራል ይባላል። ቸኮሌቱ ያመጣው አልነበረም፣ ማይግሬኑ ነው ቸኮሌቱን ያመጣው። አሁን በሰላም እበላለሁ። የኔ እውነተኛ ቀስቃሾች አሰልቺ ናቸው፦ ምሳ መዝለል፣ ሳምንቱን ሙሉ በ6 ሰዓት እንቅልፍ ቆይቶ በእረፍት ቀን 10 ሰዓት መተኛት፣ ከረጅም ውጥረት በኋላ ድንገት ዘና ማለት። የፈተና ቀን ሳይሆን በማግስቱ የሚያማችሁ ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። በዘርም ይተላለፋል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ «ራሴን» ስትል ነው የማውቃት፣ ማንም ስም ሰጥቶት አያውቅም።

የመከላከያ መድኃኒቶቹን በአጭሩ ልለፋቸው፣ እነሱ የራሳቸው ግምገማ ይፈልጋሉ። በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ የሚያማችሁ ከሆነ ጠይቁ። ፕሮፕራኖሎል ወሰድኩ፣ ቀኖቼን በግማሽ ቀነሰልኝ፣ እጄን ግን እንደ በረዶ አደረገው፣ ደረጃ ስወጣም ያደክመኝ ነበር። አስም ላለበት አይሆንም። ቶፒራሜት ሞከርኩ፣ ሠራ፣ ግን ቃል ሰረቀኝ። «ማቀዝቀዣ» ማለት አቅቶኝ «ያ ቀዝቃዛው ሳጥን» ያልኩበት ቀን አለ። እርግዝና ላሰበችም አይሰጥም። አሚትሪፕቲሊን አለ፣ እንቅልፍ ለሚያስቸግረው ሰው የሚመረጥ። ሁሉም ላይ ያለው ሕግ አንድ ነው፦ በቂው መጠን ላይ ደርሳችሁ ሁለት ሦስት ወር ሳትሞሉ አትፍረዱ። ውጤቱም ጭራሽ መጥፋት አይደለም፣ ቀኖቹ በግማሽ ከቀነሱ ተሳክቷል ነው የሚባለው።

ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ያን ሲጂአርፒ ወይም ተቀባዩን የሚያግዱ መርፌዎች ወጥተዋል። ኤረኑማብ የመጀመሪያው ነው፣ በወር አንዴ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ለማይግሬን ተብለው ከመጀመሪያው የተሠሩ የመከላከያ መድኃኒቶች እነዚህ ናቸው። ፕሮፕራኖሎል የልብ ነበር፣ ቶፒራሜት የሚጥል በሽታ፣ አሚትሪፕቲሊን የድብርት። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለሚያማቸው የቦቶክስ መርፌም አለ፣ በየ12 ሳምንቱ ግንባር፣ ጭንቅላትና አንገት ላይ 31 ቦታ። ሱማትሪፕታን በልብ ምክንያት ለተከለከለ ሰው ደግሞ ጂፓንት የሚባሉ ክኒኖች መጥተዋል፣ የደም ሥር አያጠቡም።

ቶሎ ቶሎ ሌሎች የገዛኋቸው ነገሮች። ቀዝቃዛ ጄል ያለው ኮፍያ፣ ሦስት ኮከብ፣ አያድንም ግን ክኒኑ እስኪሠራ ድረስ ደግ ነገር ነው። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ማግኔት፣ ዜሮ። ጥቁር መነጽር ቤት ውስጥ፣ አንድ ኮከብ፣ ሁልጊዜ ስታደርጉት ዓይናችሁ ብርሃንን ይበልጥ መፍራት ይጀምራል።

አንድ ከኮከብ ውጪ የሆነ ነገር። ይሄ ሁሉ የማውራው ማይግሬን መሆኑ ለታወቀ ሰው ነው። በሰከንዶች ውስጥ ጣሪያ የነካ በሕይወታችሁ አይታችሁት የማታውቁት ራስ ምታት፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ፣ አንድ ጎን የሚያዝል ወይም አፍ የሚያስይዝ፣ ከአደጋ በኋላ የመጣ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ፣ በእርግዝና ጊዜ ወይም ከወሊድ በኋላ አዲስ የመጣ ከሆነ፣ እዚህ ግምገማ አታንብቡ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

እንግዲህ አራት ኮከብ። አንዱን የነሳሁት ለዚያ የአንገት ክብደትና ማታ ላይ ለሚመለሰው ሕመም ነው። ለማሸጊያውም ግማሽ መንሳት ነበረብኝ። ማይግሬን የያዘው ሰው በሚንቀጠቀጥ ጣት፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲከፍተው የሚሰጥ ነገር እንዲህ ጠንካራ ፎይል ሊሆን አይገባም። አንዴ በጥርሴ ስከፍተው ክኒኑ ዘሎ ከአልጋ ሥር ገባ። አሁን ሁለቱን አስቀድሜ ከትልቁ ማሸጊያ በመቀስ ቆርጬ፣ ጫፋቸውን ቀደድ አድርጌ አዘጋጃለሁ። አንዱ መታወቂያዬ ጀርባ ነው ያለው። ሁለተኛውን ባለፈው ሳምንት ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ከልብስ ማጠቢያው ጋር አጥቤዋለሁ። ጓደኛዬም የሐኪሟን ወረቀት እንደገና አጽፋ ገዝታለች፣ የመጀመሪያውን ወስዳ «ስንት ሰዓት ላይ ነበር የወሰድሽው?» ስላት «አንቺ ሐኪም ሆንሽ እንዴ» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።